ያባት መኪናና የናፍጣ ሞተር

ካባት ለልጅ ከሚተላለፈው ንብረት መካከል ቀድሞ መሬትና ቤት፥ በሬና ጠመንጃ ይቈጠሩ ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙ ቤት የጭነት መኪናም ከነዚሁ ጋራ ይቈጠራል። ይልቁንም ከፊቱ ሁለት ሦስት ሰው፥ ከኋላው ጭነት የሚይዘው ፒክአፕ የሚባለው መኪና፥ እህል ከገበያ የመጣበት፥ ልጆች ትምህርት ቤት የደረሱበት፥ ሙሽራ የታጀበበት ስለ ሆነ በባለቤቶቹ ዐይን እንደ ብረት ብቻ አይታይም። ስለዚህ ከዘመን ብዛት ሲደክም ላሜራውን አስጠግነው፥ ቀለሙን አስቀብተው፥ ወንበሩን አሰፍተው እንደ ጥንቱ ሊያድሱት ይደክማሉ። ይህም የሚመሰገን ነገር ነው።

ዳሩ ግን መኪናው ከውጭ ካማረ በኋላ በቤቱ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሣል። አሮጌው የቤንዚን ሞተር ብዙ ይጠጣል፤ መለዋወጫውም እንደ ልብ አይገኝም። እንግዲህ እርሱን አውጥተን የናፍጣ ሞተር ብናገባበትስ የሚል ዐሳብ ይመጣል። ወጣቶቹ ይደግፉታል፤ ሽማግሌው ይጠራጠራሉ፤ የቤቱን ገንዘብ የሚጠብቁት እመቤት ደግሞ ዋጋው ስንት ነው ብለው ይጠይቃሉ። የሦስቱም ጥያቄ ተገቢ ስለ ሆነ በዛሬው ዐምዳችን ስለዚሁ ጕዳይ ለአንባቢዎቻችን የሚጠቅመውን እንጽፋለን።

ከሁሉ አስቀድመን የምንናገረው ቃል ይህ ነው። ሞተር ከመኪናው ተለይቶ ለብቻው የሚኖር ዕቃ አይደለም። ፍሬኑ፥ ባትሪው፥ ካምቢዮው፥ ባሌስትራው፥ የነዳጁ ታንክ፥ የጢሱ ቧንቧ ሁሉ ከርሱ ጋራ በአንድ ዐሳብ ተለክተው የተሠሩ ናቸው። እንግዳ ሞተር ሲገባ ሁሉም እንደ ገና መለካት አለባቸው። ይህን ሳያስብ ሞተር የሚገዛ ሰው የገዛው ግማሽ ሥራ ነው፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ በመንገድ ላይ፥ ቍልቍለት በደረሰ ጊዜ ይጠይቀዋል።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ በአገራችን ከከተማ እስከ ገጠር የታወቀውን የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ እንውሰድ። ባለ 40 ቍጥር የሚባለው የላንድ ክሩዘር ዘር በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1960 እስከ 1984 ዓመት ተሠርቷል፤ ከርሱም ውስጥ ረዥሙ የጭነት ዐይነት በ45 ቍጥር ይታወቃል። የቀድሞው ሞተሩ ኤፍ የሚባል፥ ባለ 6 ሲሊንደር፥ ይዘቱም 3.9 ሊትር የሆነ የቤንዚን ሞተር ነበረ፤ በ1975 ዓመት 2ኤፍ የሚባለው ባለ 4.2 ሊትር ሞተር ተተካ። ፋብሪካው ራሱም በ1970ዎቹ ዓመታት ለዚሁ መኪና ኤች የሚባል ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር አገባበት፤ ይዘቱ 3.6 ሊትር ነው። በ1980 ዓመት 2ኤች የሚባለው ባለ 4 ሊትሩ ወጣ። በ1990 ዓመት ደግሞ ለተከታዩ ለባለ 70 ቍጥሩ ዘር 1ኤችዜድ የሚባለው ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ተሠራ።

ስለዚህ ለዚህ መኪና ናፍጣ ባዕድ አይደለም። ፋብሪካው ራሱ የገጠመውን ሞተር የሚመርጥ ሰው የሞተሩን መያዣና የካምቢዮውን መጋጠሚያ ከአንድ ዘር ያገኛል። ከሌላ ፋብሪካ የመጣ ሞተር የሚያገባ ግን መጋጠሚያውን ሁሉ በቶርኖ ቤት ማሠራት፥ መያዣውንም በብየዳ ማስያዝ ግድ ይሆንበታል፤ ይህም ወጪውን ከማብዛቱ በላይ ስሕተት የሚገባበትን በር ያሰፋል።

የናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ሞተር የሚለይበትን ነገር በአጭሩ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላልና። የቤንዚን ሞተር አየርንና ቤንዚንን አስቀድሞ ቀላቅሎ ይስባል፤ ድብልቁን ጨምቆ በካንዴላ እሳት ያቀጣጥለዋል። በነዚህ አሮጌ ሞተሮች ውስጥ ድብልቁ የሚጨመቀው ከቀድሞ ስፍራው ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ እስኪያንስ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን አየርን ብቻ ይስብና ከአንድ ሃያኛ እስኪያንስ ድረስ ይጨምቀዋል። አየሩም ከመጨመቁ የተነሣ እጅግ ይግላል፤ በዚያን ጊዜ ፖምፓው ናፍጣውን እንደ ጉም አድርጎ ሲረጭበት ያለ ካንዴላ በራሱ ይቀጣጠላል። ይህን ዐሳብ ያወጣው ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ነው፤ የተሳካውን ሞተሩን በ1897 ዓመት በአውግስቡርግ ከተማ አሳየ። ሞተሩ ለትንንሽ መኪና እንዲበቃ ያደረገው ግን በ1920ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የቦሽ ፋብሪካ በብዛት የሠራው የናፍጣ ፖምፓ ነው።

ናፍጣ የሚቈጥብበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፥ አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን በአንድ ዐሥረኛ ያህል የሚበልጥ ሙቀት በውስጡ ይዟል። ሁለተኛ፥ አየሩ አብዝቶ ስለሚጨመቅ ከሙቀቱ ወደ ሥራ የሚለወጠው ይበዛል። ሦስተኛ፥ የቤንዚን ሞተር በቀስታ ሲሄድ በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችው የአየር መዝጊያ ታፍነዋለች፤ ትንፋሹን ለመሳብም ኀይሉን ያባክናል። የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን እንደ ልቡ ስቦ የነዳጁን መጠን ብቻ ያበዛል ወይም ይቀንሳል። ይህች ሦስተኛይቱ ምክንያት ኋላ ስለ ፍሬን ስንናገር ስለምትመለስ አንባቢው እንዲይዛት እንለምናለን።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አሮጌውን ሞተር ከማውጣት በፊት ሞቷል ወይስ ታሟል ብሎ መጠየቅ ይገባል። ብዙ ጊዜ ሞተር በላ የሚባለው መኪና ካርቡራቶሩ የቆሸሸ፥ ካንዴላው ያረጀ፥ የእሳቱም ጊዜ የተዛባ ሆኖ ይገኛል። ባለሙያ የስድስቱን ሲሊንደር ጭመቃ በመለኪያ ቢለካው እውነቱ በአንድ ቀን ይታወቃል። ስድስቱም ተቀራራቢ ልክ ካሳዩ ሞተሩ ገና ዕድሜ አለው፤ ጥቂት ወጪ ያድነዋል። ይህን ሳይመረምሩ ሌላ ሞተር መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ነው።

ቀጥሎ መኪናው በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ይቈጠር። ለሒሳብ ያህል፥ የናፍጣው ሞተር በመቶ ኪሎ ሜትር 6 ሊትር ይቈጥባል እንበል። የታደሰውን መኪናውን በእሑድ ቀን ብቻ አውጥቶ 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በ50 ሳምንት 2,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ የሚተርፈውም 120 ሊትር ነው። ይህ ሰው የሞተሩን ዋጋና የመግጠሚያውን ወጪ ከነዳጅ ቍጠባ አገኛለሁ ቢል ልጁም አይደርስበትም። በሳምንት ሁለት ጊዜ 190 ኪሎ ሜትር ደርሶ የሚመለስ ነጋዴ ግን በዓመት 19,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ የሚተርፈውም 1,140 ሊትር ይሆናል። ለርሱ ሒሳቡ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የሦስት ወር ነዳጁንና መንገዱን በደብተር ጽፎ የራሱን ሒሳብ ቢሠራ ከማንም ምክር ይበልጥበታል።

ነገሩ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚመጣ ለመግለጥ የምናውቀውን የአንድ ቤት ጕዳይ እንናገር። በደብረ ብርሃን አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እናት ባለቤታቸው ሲሞቱ የቀረላቸው ባለ 45 ቍጥር ፒክአፕ ነበረ። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው አድሰው እንደ ዐዲስ አደረጉት። ታላቁ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት እያመጣ የሚነግድ ስለ ሆነ የናፍጣ ሞተር እንዲገባ ፈለገ፤ ታናሹ ደግሞ ያባቱን ሞተር ማውጣት ከበደው።

«ወንድም ጋሼ፥ ይህን ሞተር አባባ በገዛ እጃቸው የጠገኑት ነው፤ ድምፁን ስሰማ እርሳቸውን የሰማሁ ይመስለኛል» አለ ታናሹ።

«ድምፁ የቤንዚኑን ዕዳ አይከፍልልንም» አለ ታላቁ።

እናትየው ሁለቱንም ካደመጡ በኋላ፥ «ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው። እኔ የምጠይቃችሁ ግን አንድ ነገር ነው፤ ጣርማ በርን ሲወርድ ይቆማል ወይ?» አሉ። ልጆቹ ዝም አሉ፤ ስለ ፍሬኑ ያሰበ አልነበረምና። መካኒክ ጠርተው ቢያስመረምሩ፥ ታላቁ ልጅ ቀብድ የሰጠበት 2ኤች ሞተር ዲናሞው ተነቅሎ ለብቻው የተሸጠ ሆኖ ተገኘ። መካኒኩም ጕድለቱ ከመብራት በላይ መሆኑን አስረዳቸው። እናትየው የጐደለው ዕቃ ተገኝቶ በዐይናቸው ሳያዩት የቀረውን ገንዘብ ከመቀነታቸው እንደማይፈቱ ተናገሩ፤ እስኪገኝም ድረስ ሁለት ወር ፈጀ። በኛ አስተያየት በዚያ ቤት ከተሠራው ሥራ ሁሉ የሚበልጠው ያ ሁለት ወር መታገሥ ነው። ስለ ምን ቢባል ምክንያቱ የሚከተለው ነው።

የቤንዚን ሞተር የአየር መዝጊያዋ ስትዘጋ በውስጡ የአየር ጕድለት ይፈጠራል፤ መካኒኮች ቫኪዩም ይሉታል። በብዙ መኪና ከፍሬኑ ፔዳል ፊት የተቀመጠው ክብ የፍሬን አጋዥ የእግርን ጕልበት የሚያበረታው በዚህ ቫኪዩም ነው። የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን ሳያፍን ስለሚስብ ለዚህ ሥራ የሚበቃ ቫኪዩም የለውም። በአንዳንድ አሮጌ የናፍጣ ሞተሮች ላይ የአየር መዝጊያ ቢታይም ፖምፓውን ለመቈጣጠር እንጂ ፍሬን ለማገዝ የተሠራ አይደለም። ስለዚህ ፋብሪካው ለናፍጣው ሞተር ለብቻው ቫኪዩም የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ሰጥቶታል፤ በ2ኤች ሞተር ላይ ይህ ፓምፕ የሚገኘው ከዲናሞው ጀርባ ተያይዞ ነው። ዲናሞው የተነቀለበት ሞተር የፍሬኑም ረዳት አብሮ ተነቅሎበታል ማለት ነው። በሜዳ ላይ እግር አጥብቆ ቢረግጥ ሊቆም ይችል ይሆናል፤ ጭነት ይዞ በቍልቍለት ላይ ግን የሰው እግር ብቻውን አይበቃም።

ይህ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወስደው መንገድ ከባሕር ጠለል በላይ ከሦስት ሺ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ መኪናው የሚወርደው ከአንድ ሺ አምስት መቶ ሜትር በላይ ነው። የዓባይን በረሃ ወይም የሌላ አገር ቍልቍለት የሚያውቅ አንባቢም በራሱ መንገድ ይመዝነው። በዚህ ላይ ሌላ የሚያሳስት ነገር አለ። ሹፌር ማርሽ ቀንሶ ነዳጅ ሲለቅ የቤንዚን ሞተር በታፈነ ትንፋሹ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዛል። የናፍጣ ሞተር ይህ መታፈን የለውም፤ በትልልቅ የናፍጣ ካሚዮኖች ላይ የጢሱን መውጫ የሚዘጋ ተጨማሪ የሞተር ፍሬን የሚደረገውም ስለዚህ ነው። ስለዚህ ሞተር የለወጠ ሰው ዐዲሱን መኪና እንደ አሮጌው ይይዘኛል ብሎ አይታመን፤ በባዶው ቀስ ብሎ ወርዶ ጠባዩን ይማር፤ ከዚያም በጥቂት ጭነት ይሞክረው።

ከመቆም ጋራ የሚሄድ ሁለተኛ ነገር ሞተሩን ማጥፋት ነው። የቤንዚን ሞተር ቍልፉ ሲዘጋ የካንዴላው እሳት ስለሚቋረጥ ይጠፋል። የናፍጣ ሞተር እሳት ስለሌለው ነዳጁን የሚቈርጥለት ዕቃ ያስፈልገዋል፤ ይህም ዕቃ ከሞተሩ ጋራ መገዛትና በትክክል መገጠም አለበት። ያረጀ ሞተር ደግሞ አልፎ አልፎ የራሱን ዘይት እየሳበ ማቃጠል ይጀምራል፤ በዚያን ጊዜ ቍልፍ ቢዘጉትም እየጮኸ ይፈጥናል። መኪናውን የሚነዳ ሁሉ መፍትሔውን አስቀድሞ ይወቅ። መኪናው ቆሞ ሳለ ፍሬኑን በሙሉ ኀይል ይዞ፥ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ቢለቅ ሞተሩ ይታፈናል፤ ወይም የአየር መግቢያውን በጠፍጣፋ ሳንቃ መድፈን ነው። በእጅ ወይም በጨርቅ ለመድፈን ግን ማንም አይሞክር፤ ሞተሩ ስቦ ይወስደዋልና።

ሦስተኛው የክብደት ነገር ነው። የናፍጣ ሞተር ብርቱ ጭመቃ ስለሚችል አካሉ ወፍራምና ከባድ ሆኖ ይሠራል፤ መንቀጥቀጡም ይበዛል። የፊት ባሌስትራው ይመርመር፤ የሞተሩ መያዣ ጎማም ዐዲስ ይሁን። ያለዚያ የታደሰው ላሜራ በጥቂት ወር ውስጥ ከብሎኑ ዙሪያ መሰንጠቅ ይጀምራል፤ ለቀለሙ የወጣው ገንዘብም ከንቱ ይሆናል።

አራተኛው የኤሌትሪክ ነው። አብዝቶ የሚጨምቅ ሞተር ለማስነሣት ብርቱ ሞተሪኖ፥ ትልቅ ባትሪና ወፍራም ሽቦ ያስፈልገዋል። ከነዚህ የላንድ ክሩዘር የናፍጣ ሞተሮች ደግሞ አንዳንዶቹ በ12 ቮልት፥ አንዳንዶቹ በ24 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። በ12 ቮልት መኪና ላይ የ24 ቮልት ሞተር ሲገባ ሞተሪኖው፥ ዲናሞው፥ የማሞቂያ ካንዴላው፥ የመብራቱም አምፖል ሁሉ እስኪስማማ ድረስ ሥራው አላለቀም። ይህን ከመግዛት በፊት ጠይቆ ማረጋገጥ የአንድ ደቂቃ ነገር ነው፤ ከገዙ በኋላ ግን የብዙ ሳምንት ነገር ይሆናል።

አምስተኛው የማርሽና የፍጥነት መስማማት ነው። የዲፈረንሻሉ ልክ 4.11 ከሆነ ጐማው አንድ ጊዜ ሲዞር ከካምቢዮው የሚመጣው ዘንግ 4.11 ጊዜ ይዞራል። 7.50 በ16 የሚባለው ጐማ በአንድ ዙር 2.5 ሜትር ያህል ይሄዳል። እንግዲህ በቀጥታው ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ጊዜ ሲዞር መኪናው በሰዓት 91 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል ማለት ነው። 2ኤች ሞተር እስከ 3,500 ዙር ስለሚደርስ በዚህ ልክ ሳይጨነቅ ይሠራል። በአሜሪካ አገር ግን የድሮ የሼቭሮሌና የፎርድ ፒክአፕ የሚያድሱ ሰዎች ዳቦና ሸቀጥ ከሚያድሉ መኪናዎች የወጣውን 4ቢቲ የሚባለውን ባለ 4 ሲሊንደር የከሚንስ ሞተር ያገቡበታል፤ እርሱ ሙሉ ኀይሉን የሚሰጠው በ2,500 ዙር አካባቢ ስለ ሆነ ዲፈረንሻሉን መለወጥ ወይም አምስተኛ ማርሽ ያለው ካምቢዮ መፈለግ ግድ ይሆንባቸዋል። ሞተር አንድ ብቻውን አይገባም ያልነው ስለዚህ ነው።

ስድስተኛው የነዳጁ መንገድ ነው። ታንኩ ከቤንዚን ፍጹም ታጥቦ መድረቅ አለበት፤ የናፍጣ ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ስለ ሆነ ቤንዚን ሲገባበት ይፋጫል። ፖምፓው የተረፈውን ነዳጅ የሚመልስበት ሁለተኛ ቧንቧ እስከ ታንኩ ይሠራለት። ታንኩ ውስጡ ዚንክ የተቀባ ከሆነ ዚንኩ በናፍጣ ውስጥ እየሟሟ ፊልትሮውንና ፖምፓውን ስለሚጐዳ ይለወጥ። ውሃ የሚለይ ፊልትሮም አይቅር። የታንኩን አፍ ደግሞ ናፍጣ የሚል ጽሕፈት በጕልህ ይጻፍበት፤ ለብዙ ዓመት ቤንዚን ሲቀዳበት የኖረ መኪና በልማድ ቤንዚን ይቀዳበታልና።

ሰባተኛው የከፍታ ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሣሣል፤ ጣርማ በር ላይ ደግሞ ሲሶ ያህል። ለቈላ አገር የተለካ ፖምፓ በደጋ ላይ ያንኑ ያህል ናፍጣ ሲረጭ አየር ስለማይበቃው ጥቁር ጢስ ይሆናል፤ ነዳጁ ይባክናል፤ ሞተሩም ይግላል። በአንዳንድ ፖምፓ ላይ ከፍታውን ዐውቆ የሚቀንስ ዕቃ አለ፤ የሌለው ግን በፖምፓ ባለሙያ እጅ ይለካ። ጥቁር ጢስ የኀይል ምልክት ነው የሚለውን ወሬ አንባቢዎቻችን አይቀበሉት።

ሞተሩን በሱማሌ ተራም ይሁን በሌላ ስፍራ ሲገዙ፥ ደረሰኙን መቀበል፥ በሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸውንም ቍጥር ከደረሰኙ ጋራ ማስተያየት ያስፈልጋል። የሞተሩ ቍጥር በሊብሬው ላይ የሚጻፍ ስለ ሆነ ለውጡ ከመደረጉ በፊት ወደ ሚመለከተው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሄዶ ደንቡን መጠየቅ ይገባል፤ ቍጥሩ ያልተስማማ መኪና ለመሸጥም፥ ለማውረስም፥ በአደጋ ጊዜም ለመከራከር ያስቸግራል። 1ኤችዜድ የሚገዛ ሰው ደግሞ ይህን ይጨምር፤ በሞተሩ ፊት ያለው የጎማ ቺንጋ ዕድሜው የተቈጠረ ነው፤ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ተጋጭተው ሞተሩ ይሰበራል። ስለዚህ ሻጩ ምንም ቢል ሞተሩ መኪናው ላይ ሳይወጣ ቺንጋው ይለወጥ። በ2ኤች ላይ ይህ ሥራ በጥርስ የሚሠራ ስለ ሆነ ይህ ሥጋት የለም።

በቤቱ ግቢ ውስጥ ሥራው ሲሠራ ስለ ልጆችና ስለ ረዳቶች ሁለት ነገር እናሳስባለን። ከፖምፓው ወደ ሲሊንደሮቹ በሚሄደው ቀጭን ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት ከተራው አየር ግፊት ከመቶ እጥፍ ይበልጣል። የሚያፈስስበትን ስፍራ በጣት መፈለግ እጅግ አደገኛ ነው፤ ናፍጣው ቆዳን ወግቶ ይገባል፤ ቍስሉ እንደ እሾህ ጥቂት ቢመስልም ጣት ወይም እጅ እስከ ማስቈረጥ ያደርሳል። ማፍሰሱ በካርቶን ይፈተን፤ የተወጋ ሰው ቢኖርም ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ሁለተኛም የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2012 ዓመት የናፍጣ ጢስ በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን ወስኗል። ስለዚህ ሞተሩ በተዘጋ ቤት ውስጥ ወይም ልጆች በሚጫወቱበት ደጃፍ አይሞከር፤ የጢሱም ቧንቧ እስከ መኪናው ጫፍ ይድረስ እንጂ ከጋቢናው ሥር አይቅር።

የሥራው ቅደም ተከተል እንግዲህ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ የቤተ ሰቡ ሒሳብ፤ ቀጥሎ የአሮጌው ሞተር ምርመራ፤ ቀጥሎ ፍሬኑ ከነረዳቱ፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩና ካምቢዮው፤ በመጨረሻም ነዳጁ፥ ኤሌትሪኩና ወረቀቱ። ገንዘቡም በዚሁ ተራ ይከፈል። ሞተሩ ተገዝቶ ገንዘብ ያለቀ እንደ ሆነ የሚጐድለው ሁልጊዜ ፍሬኑ ነው፤ ሞተር ሲነሣ ድምፁ ያስደስታል፥ ፍሬን ግን እስኪፈለግ ድረስ አይታሰብምና።

ስለ ወጣው ስለ አሮጌው ሞተር የመጨረሻ ቃል አለን። ሻንሲው እንዳይቈረጥ፥ የቀድሞው መያዣም እንዳይነሣ ባለሙያውን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ይገባል፤ የዐዲሱ መያዣ በብሎን ከታሰረ ወደ ፊት የቀድሞውን መመለስ ይቻላል። አሮጌው ሞተር በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ይጨመርበት፤ አፎቹ ሁሉ ይደፈኑ፤ ከመሬት ከፍ ብሎ በደረቅ ስፍራ ይቀመጥ፤ በየጥቂቱ ወርም በእጅ ይዙር። የወለቀው ብሎንና ቧንቧ በከረጢት ተከትቶ ስሙ ይጻፍበት። በደብረ ብርሃኑ ቤት የተደረገው ይህ ነው፤ ታላቁ ሽንኩርቱን በናፍጣ ያመጣል፥ ታናሹም ያባቱን ሞተር በጎተራው አጠገብ ዘይት እየቀባ ይጠብቃል። ንብረትን የሚያድስ ሰው ለኑሮው የሚበጀውን ሲጨምር የተቀበለውንም ሳያበላሽ ለተከታዩ ቢያስተላልፍ፥ ልጆቹ ከመኪናው ጋራ ማስተዋሉንም ይወርሳሉ።